የሶምሶማ ፈረስ ለሚወዱ አጎት ምን ይገዛል?

«ሰላም እትየ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አጎቴ ስዊድን አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሐይቅ ላይ ቤት ሠርተው ገብተዋል። ሰባ ሊሞላቸው ነው። አንድ ሱስ አላቸው፤ ፈረስ ጋሪ እየጎተተ የሚሽቀዳደምበት ውድድር። ቅዳሜ ከሰዓት በመጣ ቁጥር ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ፤ ቡና ደረሰ ቢባሉም አይሰሙ። ስቶክሆልም ያሉት ልጆቻቸው 20 ሺህ ብር ልከው ‹ለአረፋ ደስ የሚላቸውን ነገር ግዢልን› አሉኝ። ወንድሜ ‹ጨማምረን ፈረስና ጋሪ እንግዛላቸው› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ሳሎን የሚቀመጥ የፈረስ ምስል አይታልኛለች። እኔ ስለ ጨዋታው ሀሁም አላውቅ። እሳቸውን ስጠይቅ መልሳቸው ‹ጤናችሁን ይስጠኝ ልጄ፣ ምንም አልፈልግ› ብቻ ነው። ምን ልግዛ?
ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ»

አብሽሪ እታለም፣ ይሄ የሚከብድ ነገር አይደለም። የፈረሱን ምስል ግን ከአሁኑ ተይው። ፈረስ ይወዳል የተባለ ሰው ቤት የፈረስ ምስል ሞልቶ ነው የሚገኘው። የመጣ እንግዳ ሁሉ አንዳንድ ይዞለት ይገባል። ሰዓቱ ፈረስ፣ ስኒው ፈረስ፣ የቁልፍ መያዣው ፈረስ። አጎትሽ የሚወዱት ሩጫውን ነው። ስጦታውም ሩጫውን የሚነካ ይሁን።

ከመግዛትሽ በፊት ታዲያ ጨዋታውን በትንሹ እወቂው። ፈረሱ ላይ ማንም አይቀመጥም። ከኋላው ሁለት ጎማ ያላት፣ ከሲታ፣ ቀላል ጋሪ ትታሰራለች። ነጂው እዚያች ላይ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ፣ ዛቡን ጨብጦ፣ የፈረሱ ጭራ ፊቱን ሊጠርገው ትንሽ ሲቀረው ይቀመጣል። የኮምቦልቻ ጋሪ ሰው ከነሽንኩርቱ ከነጤፉ ትጭናለች። የእነሱ ጋሪ ከነጂው በቀር ዘንቢል እንኳ አትይዝም።

ዋናው ሕግ ይሄ ነው፤ ፈረሱ የሚሮጠው በሶምሶማ ብቻ ነው። ሽምጥ ከጋለበ ጥፋት ነው። ነጂው ወዲያው ገትቶ ወደ ሶምሶማው መመለስ አለበት። እስኪመልሰው ድረስ ሌሎቹ ያልፉታል። መመለስ ካቃተው ወይም በሽምጡ ከተጠቀመ ከውድድሩ ይሰረዛል። እኛ አገር ጥምቀት ላይ ጉግስ ያየ ሰው ይሄን ሲሰማ «ወይ ጉድ» ነው የሚለው። ፈረሰኛው ሽምጥ ካልጋለበ ማን እልል ይልለታል? እነሱ ዘንድ ግን ጥበቡ ያለው ፈረሱ ሊፈነዳ ደርሶ በሶምሶማው እንዲቆይ ማድረጉ ላይ ነው። አጎትሽ ስልካቸውን ይዘው «ያዘው! ያዘው!» ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ ነገሩ ይሄ ነው። ፈረሱ አንደኛ ሆኖ እየመራ፣ መጨረሻው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሽምጥ ሲገባ ማየት ለወዳጁ የልብ ስብራት ነው።

አረማመዱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቀኝ የፊት እግሩንና የግራ የኋላ እግሩን አብሮ ያነሳል። ሁለተኛው በአንድ ጎን ያሉትን ሁለቱን እግሮች አብሮ ያነሳል፤ አያቶቻችን ሰጋር በቅሎ ከሚሉት አረማመድ ይቀርባል። አሜሪካና አውስትራሊያ ይሄ ሰጋሩ ይበዛል። ስዊድንና ፈረንሳይ የሚወዳደሩት በመጀመሪያው ዓይነት ነው። የእነሱን ፈጣን ፈረስ ፍጥነት ልንገርሽ። አንድ ኪሎ ሜትር በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይጨርሳል። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ጋሪና ሰው እየጎተተ፣ ያውም ሳይጋልብ።

አሁን ወደ ስጦታው። እኔ ብሆን ገንዘቡን አንድ ዕቃ ላይ አላፈስሰውም። አንዲት እሁድ ነው የምገዛላቸው።

ስቶክሆልም ውስጥ ሶልቫላ የሚባል የውድድር ሜዳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ። እዚያ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጨረሻ እሁድ ኤሊትሎፔት የሚባል ውድድር ይካሄዳል። በእኛ ግንቦት 17 እና 23 መካከል ይውላል። አረፋም ሰሞኑን ግንቦት ውስጥ መዋል ጀምሯል፤ ሁለቱ ተቀራርበውልሻል። ከየአገሩ ተመርጠው የተጋበዙ 16 ፈረሶች በሁለት ምድብ ይከፈላሉ። ስምንቱ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ሌሎቹ ስምንት። ከየምድቡ የቀደሙት አራት አራት ፈረሶች በዚያው ቀን ለፍጻሜው እንደገና ይገናኛሉ። ርቀቱ 1609 ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስዊድን ሠላሳ ዓመት የኖረ የፈረስ ወዳጅ ይህቺን እሁድ አይረሳትም። አጎትሽ ደግሞ ላለፉት ዓመታት ሐይቅ ላይ ብቻቸውን፣ በመዳፍ በምታክል ስልክ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ነው ያሳለፏት።

እንግዲህ ሥራሽ ይሄ ነው። ስልካቸውን ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ነገር ግዢ። ቴሌቪዥኑ ዘመናዊ ከሆነ ያለ ገመድም ይገናኛል። ካልሆነ ኤችዲኤምአይ የሚሉትን ገመድ ከነማገናኛው ደሴ ወይ እዚያው ኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ታገኛለሽ። ስልካቸውን ይዘሽ ሄደሽ ሱቁ ውስጥ አስሞክሪው። ሁሉም ስልክ በሁሉም ገመድ አይሠራም፤ ሻጩ «ይሠራል ይሠራል» ቢልሽ ሳታዪ አትክፈዪ። ለዕለቱ ጠቀም ያለ የኢንተርኔት ጥቅል ሙዪ። ለመብራቱ ነገር አንድ ፓወር ባንክ አስቀምጪ፤ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ስልኩ ይቀጥላል። ሰዓቱን እንዳትሳሳቺ ደግሞ ስዊድን በዚያ ወር ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በብርዳቸው ወራት ሁለት ሰዓት ይሆናል።

ከዚያ ቡና። እዚህ ላይ ወሎዬነትሽ ይጠቅምሻል። አቦሉን ለመጀመሪያው ምድብ፣ ቶናውን ለሁለተኛው፣ በረካውን ለፍጻሜው አድርጊው። በመሐሉ ረዘም ያለ እረፍት አለ፤ ከሰል አታብዢ፣ ጀበናውን አትቸኩዪበት። አጎትሽ ቡና ሲጠሩ የማይሰሙት ቡናው ከፈረሱ ጋር ስለሚጋጭባቸው ነው። አንቺ አስታርቂያቸው። ጎረቤትም ጥሪ። ሁለት ሦስት የእድሜ እኩያ ሰው ይኑር፤ በተለይ በልጅነቱ ፈረስ ያውቅ የነበረ። ቦረና ወይ ለጋምቦ ያደገ ሰው ከተገኘማ አለቀ። እሳቸው ሲያስረዱ፣ እሱ «ታዲያ ለምን አይለቀውም?» እያለ ሲከራከር፣ ያን ጭቅጭቅ በገንዘብ አታገኚውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከስቶክሆልም ልጆች ጠይቂ፤ የዕለቱን ፕሮግራም። የትኛው ፈረስ በየትኛው ቁጥር እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ያለፉት ውድድሮቹ ውጤት ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ የሚወጣ ነው። የጨዋታው ወዳጅ ብዕር ይዞ እሱን እያሰመረ፣ እየሰረዘ ነው የሚያየው። ከጥቂት ቀን በፊት ስለሚወጣ በስልክ ይላኩልሽና ኮፒ ቤት ወስደሽ በትልቁ ወረቀት፣ ፊደሉ ጎላ ብሎ እንዲታተም አድርጊ። ቋንቋው ስዊድንኛ መሆኑ አያሳስብሽ፤ ለእሳቸው ነው። ከጎኑ አንድ ቀይ ብዕር አስቀምጪ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደዚህች ወረቀት እንደሆነ እወራረዳለሁ።

ውርርድ ካልኩ አይቀር፣ ልጆቻቸው «በስማቸው ትኬት እንቁረጥ» ካሉሽ እምቢ በያቸው። እዚያ አገር ውድድሩና ውርርዱ ተቆላልፈው ነው የሚኖሩት። አቴጌ የሚባለው አወራራጅ ድርጅት ከተቋቋመ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ነው። አጎትሽ ድሮ ይሞክሩ ነበር ወይ ብለሽም አትጠይቂ፤ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የአረፋ ስጦታ ግን ሐራም ነገር ሲነካካው አያምርም።

ሁለተኛው ስጦታ በእጅ የሚያዝ ነው። ሩጫ አሰልጣኞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት ታውቂው የለ? እሱን ግዢላቸው፤ ስፖርት ዕቃ ቤት አለ፣ ውድም አይደለም። «ስልክ ላይ አለ እኮ» እንዳትዪኝ። ስልኩ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል። ደግሞ ይሄኛው በአውራ ጣት ስትጫኚው ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። የሶምሶማ ወዳጆች ሁሉን ነገር በሰከንድ ነው የሚያወሩት። አውሮፓ ውስጥ የፈረሱ ሰዓት የሚነገረው ለአንድ ኪሎ ሜትር ተሰልቶ ነው። አሜሪካ ደግሞ ውድድሩ ራሱ አንድ ማይል ስለሆነ የማይሉን ሰዓት ይጠሩታል። የፈረሱ ዘር መጠሪያ ሳይቀር ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ስታንዳርድብሬድ ይሉታል፤ ድሮ መዝገብ ውስጥ ለመግባት አንዱ መንገድ አንድን ማይል በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነበር። ሰዓቱን ስትሰጫቸው ማብራሪያ አያስፈልግሽም። ያውቁታል።

ሦስተኛው ጋቢ ነው። «ጋቢማ ሁሉም ያመጣል» አትበዪ፣ ቆዪ። እዚያ አገር እያንዳንዱ ነጂ የራሱ የሆነ የልብስ ቀለም አለው። አንዱ ቢጫና ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይና ነጭ። ተመልካቹ ሩቅ ሆኖ ነጂውን የሚለየው በዚያ ነው። አጎትሽ ማንን እንደሚደግፉ ልጆቻቸው አያጡትም። የነጂውን ቀለም ጠይቂና ለሸማኔው የጥለቱን ክር በዚያ ቀለም እዘዢው። ጥለቱ ቀጭን ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ የበዓል ቀሚስ ይመስላል። እሳቸው ሲያዩት ይገባቸዋል፤ ሌላው ሰው ጋቢ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይሄ ነው የሚያምረው። ሸማኔ ግን ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬውኑ እዘዢ።

ጋቢው ጥግ ላይ ስም ማስጠለፍ ከፈለግሽ አንድ ሐሳብ አለኝ። ወሎ የፈረስ አገር ነው። ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ የሠራው ሥራ አይረሳም። ሰውየው ራሳቸው የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» እየተባሉ ነበር። ለአጎትሽም የፈረስ ስም አውጪላቸው። «እስከ ዛሬ ካዩት ፈረስ ሁሉ የሚበልጥብዎ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ይሄ «ምንም አልፈልግ» የማይባልበት ጥያቄ ነው። በእሳቸው ዘመን ከሆነ ምናልባት ጣልያኑን ቫሬንን ይሉሽ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ኤሊትሎፔትን አከታትሎ የወሰደው፣ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ፓሪስ ላይ ፕሪ ዳሜሪክ የሚባለውን ታላቅ ውድድርም ያሸነፈው። ወይም ፈረንሳዩን ኡራዚን፤ እሱ ፕሪ ዳሜሪክን አራት ጊዜ ነው የወሰደው። ወይ ደግሞ የራሳቸውን የስዊድኑን የርቭሶፋክስን። የዚህኛውን ስም ለመጥራት አትድከሚ። ከቀጫጭኖቹ ሯጮች ወገን አይደለም፤ የሰሜን አገር ፀጉራም፣ ደንዳና የእርሻ ፈረስ ዘር ነው፤ ለእነሱ የተለየ ውድድር አላቸው። 234 ጊዜ ተወዳድሮ 201 ጊዜ አሸንፏል። እና «አባ ቫሬን» ብለሽ አስጠልፊላቸው፤ በዓሉ ላይ ልጆቹ ሁሉ በዚያ ስም ይጥሯቸው። ይህን ሰምተው ካልሳቁ ጋቢውን ለእኔ ላኪው።

አሁን የወንድምሽ ነገር። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፣ አትቆጪው። ግን ፈረስ ስጦታ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ገብስ ይፈልጋል፣ ድርቆሽ ይፈልጋል፣ ፉርሽካ ይፈልጋል፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ይፈልጋል። ሐኪም ይፈልጋል። በአገራችን የጋሪ ፈረስ ላይ ቆዳውን እያቆሰለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ክፉ በሽታም አለ። ሰባ ዓመት የደረሱ ሰው ሌሊት ተነስተው ፈረስ ይጠብቁ? በዚያ ላይ አጎትሽ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ፈረስ ለሶምሶማ ብቻ ለዘመናት እየተመረጠ የተዋለደ ነው። የእኛ ፈረስ ዳገት የሚወጣ፣ ብርድ የሚችል፣ ባገኘው ሳር የሚያድር ነው። ሁለቱን ማወዳደር ለሁለቱም ግፍ ነው። ኮርቻ እንግዛላቸው የሚል ሰው ቢመጣም መልሺው፤ ጨዋታው ኮርቻ የለውም። ፈረንሳዮች በኮርቻ የሚሮጡት የሶምሶማ ውድድር አላቸው፤ እሱ ግን የአጎትሽ ጨዋታ አይደለም።

ይልቅ ወንድምሽ ጋሪ ይከራይ። አንድ ጠዋት፣ ለእሳቸው ብቻ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ዛብ ሲይዝ ያየ ሰው አንዴ በእጁ መያዝ አያምረውም ብለሽ ነው?

ምርጫው ላይ ግን ይጠንቀቅ። ጋሪው ቀለም የተቀባ፣ አበባ የተንጠለጠለበት መሆኑ አያታልለው። ፈረሱን ይይ። ደረቱ ላይ ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ይንካ፤ ጠባሳ ሳይሆን እርጥብ ቁስል ካለ ይለፈው። ትከሻውንም ጀርባውንም እንደዚያው። ሲራመድ አንገቱን በአንድ እግር ላይ ዝቅ እያደረገ ከሆነ ያነክሳል። ፀጉሩ የሚያበራ፣ ሰው ሲጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ የማይጥል ፈረስ ይምረጥ። የጋሪው ጎማ ይነፋ። ሙሉ ጠዋቱን ይክፈለው፤ ባለጋሪው ከዚያ በፊት ጭነት እንዳያመላልስበት። መንገዱም ዋናው አስፋልት አይሁን። ሲኖትራክ በሚወርድበት መንገድ ላይ ሰባ ዓመት ሰው ዛብ አይዝም። ሜዳማ ኮረኮንች ፈልጉ፤ ባለጋሪው ከጎናቸው ይቀመጥ።

ሰዓቱን ይዘው ይውጡ። ወንድምሽ ቀደም ብሎ በሞተር ወይ በባጃጅ አንድ ኪሎ ሜትር ለክቶ ሁለት ድንጋይ ያኑር። ፈረሱ በሶምሶማ ይሂድ፣ እሳቸው ይቁጠሩ። አራት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አትሳቁ። አለንጋ ግን አይነሳ፤ «ሪከርድ እንስበር» የሚል ጎረምሳ ካለ ቤት ይቅር። ሲጨርሱ ለፈረሱ አንድ ሁለት ኪሎ ፉርሽካ ይዛችሁለት ሂዱ። ባለጋሪውም ደስ ይለዋል፣ ፈረሱም የድርሻውን ያገኛል።

መቼ ልስጥ ካልሽ፣ የአረፋ ዕለት አትስጫቸው። ያን ቀን ቤቱ ሰው ነው፣ ሥጋው አለ፣ ዘመድ ይገባል ይወጣል፤ ስጦታሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይረሳል። ጋቢውን በዋዜማው ማታ ስጫቸው፤ ለሶላት ሲወጡ ይልበሱት። ሰዓቱንና ፕሮግራሙን ለእሁዷ አቆዪ። የጋሪው ጠዋት በሌላ ቀን ይሁን፤ ሁሉን በአንድ ቀን ካደረግሽው ይደክማሉ።

20 ሺህ ብሩ ላይ አትጨነቂ። ብዙውን የሚወስደው ጋቢው ነው፤ ቀጥሎ ገመዱና ኢንተርኔቱ። የተረፈውን ለቡናውና ለቡና ቁርሱ አድርጊው። የጋሪውን ሒሳብ ግን ወንድምሽ ከራሱ ይክፈል፣ ፈረስ ልግዛ ብሎ የለ። ዋጋውንም ከባለጋሪው ጋር በዋዜማው ይጨርስ፤ አጎትሽ ዛብ ይዘው ተቀምጠው ሳለ መንገድ ላይ መከራከር አያምርም።